የመርሳ ቀዲም ሁለተኛ ነዋሪ

ወደ መርሳ ቀዲም በሞተር መሄድ ከተከለከለ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። የሞተር ማዕበል የከተማዋን ግንብ ይበላል ተብሎ ነው። ግንቡ ከባሕር ወለል ተቆርጦ በወጣ ድንጋይ የተሠራ ነው፤ ከባሕር ወጥቶ ባሕር ይፈራል። ስለዚህ ጎብኚ ሁሉ ከአዲሱ ወደብ ተነሥቶ በባለ ሸራ ጀልባ ይሄዳል። ነፋስ ከፈቀደ በሦስት ሰዓት ይደርሳል፤ ካልፈቀደ አምስት ሰዓትም ሊፈጅበት ይችላል። ከደረሰ በኋላ የሚቆየው ግን ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሰው ይተነፍሳል፣ ትንፋሽ ርጥበት አለው፣ ርጥበት ደግሞ የግድግዳውን ኖራ ይልጣል ይላል የጠረፍ ቅርስ ባለአደራ ጽሕፈት ቤት። ይህንኑም በጀልባው ጎን ላይ በትልቁ ጽፎታል።

ስንዱ ቸርነት ጽሑፉን ያነበበችው በ2083 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አርባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ሊፍት ትጠግናለች። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሥራዋ ሰውን ወደ ላይና ወደ ታች ማመላለስ ስለነበረ፣ ወደ ጎን የሚያወዛውዝ ነገር አልለመደችም። ባሕርም አይታ አታውቅም። ጀልባው ገና ከወደቡ ሲወጣ ዓይኗ ያረፈው ውኃው ላይ ሳይሆን ሸራውን በያዘው ገመድ ላይ ነበር። ሁለት ቦታ ላይ ተቀጥሏል። ሊፍት ላይ እንዲህ ያለ ገመድ ብታገኝ በሩን አሽጋ፣ ቀይ ወረቀት ለጥፋ ትሄድ ነበር።

የጀልባው አዛዥ አስተያየቷን አይቶ ሳቀ። ያዮ ይባላል፤ ዕድሜው ሃምሳ የሚሆን ቀጭን የአፋር ሰው ነው። የባሕር ሰዎች የጀልባ አዛዥን ናኹዳ ስለሚሉት፣ ሁለቱ መርከበኞቹም ጎብኚዎቹም ናኹዳ ያዮ ይሉታል። ቋጠሮው ከገመዱ ይልቅ እንደሚጠነክር፣ ይልቅስ ያልተቀጠለውን ቦታ ብትፈራ እንደሚሻላት ነግሯት ወደ መሪው ተመለሰ።

አብረዋት አሥር ጎብኚዎች ነበሩ። ሁሉም ከተማዋን የሚረግጡበትን የጨርቅ ጫማ በአንገታቸው አንጠልጥለው ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ በጉብኝቱ ምን እንደተሰማቸው ይጠይቃል፤ የሚሞላው ግን ከመድረስ በፊት ነው፣ በኋላ ጊዜ እንዳይባክን። ምርጫዎቹ መደነቅ፣ ጸጥታ እና ትዝታ ሲሆኑ ከሦስቱ ሁለቱን ማክበብ ግዴታ ነው። ከጎኗ የተቀመጡ አንድ ጡረተኛ መምህር ‹‹ትዝታ›› የሚለውን ካከበቡ በኋላ፣ አይተዋት የማያውቋትን ከተማ እንዴት አድርገው እንደሚያስታውሷት ግራ ገብቷቸው ብዙ ቆዩ። ስንዱ ቅጽ አልተሰጣትም። እሷ የመጣችው ለጉብኝት አልነበረም።

ቦርሳዋ ውስጥ አንድ ወረቀት አለ። መርሳ ቀዲም ውስጥ የቀሩት ነዋሪ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም የስንዱ እናት ወንድም፣ አቶ ቸኮለ ናቸው። ባለፈው ጥር ሰማንያ ዓመት ሞላቸው። ደንቡ ደግሞ ሰማንያ የሞላው ነዋሪ ብቻውን ማደር አይችልም ይላል። ስለዚህ ደጋ ላይ ወዳለ የአዛውንት ማቆያ ይዛወራሉ። አልሄድም ብለው ሁለት ጊዜ ወረቀቱን መልሰዋል፤ ሦስተኛው ወረቀት ግን የእሳቸውን ፈቃድ አይጠይቅም፤ የቅርብ ዘመድ አውራ ጣት ይበቃዋል። የቀረቻቸው የቅርብ ዘመድ ስንዱ ናት።

ወረቀቱን ስትቀበል ምንም ክፋት አልታያትም ነበር። አጎቷን በአካል ያየቻቸው የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች አንዴ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ይደውላሉ፤ ከድምፃቸው ኋላ ሁልጊዜ ባሕር ይሰማል። ቸኮለ ይባሉ እንጂ ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ ሰላምታቸው ብቻ ሩብ ሰዓት ይወስዳል። እንዲህ ያሉ ሽማግሌ በባዶ ከተማ ውስጥ ብቻቸውን ወድቀው ቢሰበሩ ማን ያነሣቸዋል? ማቆያው ሐኪም አለው፣ ሊፍትም አለው። ሊፍቱን በስልክ አጣርታለች፤ ደህና ነው። አውራ ጣቷን አሳርፋ፣ አጎቷን ይዛ፣ በዚያው ጀልባ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ።

አራት ሰዓት ላይ ከተማዋ ታየች። ነጭ ናት፤ ቤቶቿ ባለ አንድና ባለ ሁለት ፎቅ፣ መስኮቶቻቸው እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ እንጨት ናቸው። ስንዱ ሳታስበው ተነሥታ ቆመች። ማንም ሳይነግራት፣ ማንም ቅጽ ሳያስሞላት፣ ደስ አላት። ጡረተኛው መምህርም እርሳሳቸውን አስቀምጠው ከተማዋን ያዩ ነበር።

በድንጋዩ መውጫ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ሚልክያስ ጠበቃቸው። ትሑት ሰው ነው፤ ምላሱ ስብሰባ ለምዷል። ጎብኚዎቹን ቆጠረ፣ ጫማቸውን አየ፣ መንገዱን አሳየ። የዓሣ ሽታ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንደሚረጭ፣ ዓሣ ግን እንደሌለ አስረዳ። አዛንና የቤተ ክርስቲያን ደወል በየሃያ ደቂቃው በተራ ይሰማሉ፤ ሁለቱም ቅጂ ናቸው፣ ማንም ጎብኚ ሳይሰማቸው እንዳይሄድ። ድመቶቹ ከአንድ እስከ አርባ ቁጥር አላቸው። መንካትም ማባበልም አይቻልም፤ አሥራ ሰባት ቁጥር ብቻ ለሥዕል ትቆማለች።

በየግድግዳው ላይ ነጭ ነገር ተሰክቷል። ከተማዋ ሰው በነበራት ጊዜ ሰዎቹ ‹‹ጆሮ›› ይሏት ነበር፤ ሰዎቹ ሲሄዱ ስሙ ቀረ። ጆሮ ትሰማለች፣ ትጽፋለች፣ የጻፈችውም በማንኛውም ጉዳይ ላይ ምስክር ነው።

የጉብኝቱ ዋና ቦታ የነዋሪው ቤት ነው። ጎብኚዎች ከገመድ ወዲህ ቆመው በመስኮት ያያሉ። ነዋሪው ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ። አቶ ቸኮለ ዓሣ አጥምደው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወደቡ ክሬን ኤሌክትሪሽያን ነበሩ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ከሽቦ ይልቅ መረብ ያምራል አለ። መረቡም አንድ ነው። ጎብኚው ሲሄድ ጠዋት የጠገኑትን መልሰው ይፈቱታል፣ ለነገ ሥራ እንዲሆን። ሚልክያስ ይህን ሲናገር ድምፁ ውስጥ ኀፍረት አልነበረም፤ እንዲያውም የዕቅዱን ብልህነት ያደነቀ መሰለ። ስንዱ ገመዱ ሥር ቆማ በመስኮቱ የሽማግሌውን ጣቶች አየች። የእናቷ ጣቶች ናቸው። ዓይኗን ወዲያው መለሰች።

ሚልክያስ ገመዱን አንሥቶ አሳለፋት። በዚያ በር ሰው ከገባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፣ የአቶ ቸኮለ ባለቤት ፋጡማ ከሞቱ ጀምሮ። ሽማግሌውን አዝሎ የሚያወርዳቸው ሰው ከጀልባው እንደሚመጣ፣ እሷ እስከዚያው ቀስ ብላ እንድታግባባቸው ነግሯት ወደ ጎብኚዎቹ ተመለሰ።

በሩ ዝቅ ያለ ነው። ጎንበስ ብላ ገባች። አቶ ቸኮለ መረቡን ከጭናቸው አወረዱ፣ ወንበሩን በሁለት እጃቸው ደገፉ፣ ቀስ ብለው ተነሡ።

‹‹ኖር›› አሉ።

ስንዱ ደነገጠች። የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ ያውም የእናቷ ወንድም፣ ለእሷ ሲነሡ እያየች ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቃል ከሰማች ዓመታት አልፈዋል፤ ሰው ሲገባ የሚነሣ ሰው ስለጠፋ ቃሉም አብሮ ጠፍቷል። አፏ ግን አልረሳውም። መልሱን ልጅ ሆና ከእናቷ ሰምታዋለች።

‹‹ኧረ በእግዜር፣ በእግዜር፣ ጋሼ፤ ይቀመጡልኝ›› ብላ ክንዳቸውን ያዘች።

‹‹ተመዝግቧል›› አለች ከበሩ በላይ ያለችው ጆሮ፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ። ሁለቱም ልብ አላሉም።

ሰላምታው እንደ ስልኩ ሩብ ሰዓት ፈጀ። ስለ ጤናዋ ጠየቁ፣ ስለ እናቷ መቃብር ጠየቁ፣ አዲስ አበባ ዘንድሮ ዝናብ እንዴት ነው አሉ። ስለ ሊፍት ሲጠይቁማ የሞያ ሰው ጥያቄ ጠየቁ፤ ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ሚዛን ድንጋዩ፣ መብራት ሲጠፋ ሰው ስለሚወጣበት መንገድ። ክሬንና ሊፍት ወንድማማች ናቸው አሉ። ስንዱ ስለ ሥራዋ ይህን ያህል ያወራችው ሰው መኖሩን አታስታውስም። ጨው ጨው የሚል የጉድጓድ ውኃ በሎሚ ሰጧት። ከዚያ የጓሮውን በር ከፍተው ከግንቡ ሥር ያለውን የፋጡማን መቃብር አሳዩዋት። አጠገቡ የአንድ ሰው ቦታ በድንጋይ ተከልሏል።

እሷ ወረቀቱን አወጣች። እንዳታፍር ቶሎ ብላ ነው ያወጣችው። አቶ ቸኮለ መነጽራቸውን ፈልገው እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ አጥፈውም መለሱላት። አልተቆጡም። እሳቸው ሲወጡ ምን እንደሚሆን ብቻ ነገሯት፤ ነዋሪ የሌላት ከተማ ‹‹ሙሉ ቅርስ›› ትባላለች። በሮቿ በመስተዋት በመሰለ ሙጫ ይታሸጋሉ፣ ጉድጓዱ ይደፈናል፣ አዲስ መቃብር አይቆፈርም። ስለዚህ ያ የተከለለው ቦታ ባዶውን ይቀራል። ከፋጡማ ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል፤ ደጋ ላይ ለብቻቸው መቀበር አይፈልጉም። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አልተሰበረም፤ የተሰበረው የስንዱ ልብ ነው። ይህንን ማንም አልነገራትም ነበር።

ሚልክያስ እየሮጠ መጣ። በጨርቅ ጫማ የሚሮጥ ሰው ክብሩን መጠበቅ ያስቸግረዋል። ደፉ ላይ ቆሞ ሰሌዳውን ከፍቶ ያነበበው እንዲህ ይላል። አራት ሰዓት ከሃምሳ ላይ ነዋሪ ቸኮለ እንግዳ ስንዱን እንድትኖር ጋብዟል። እንግዳ ስንዱም በፈጣሪ ስም ሁለት ጊዜ ተቀብላለች። በአንቀጽ አሥራ አራት መሠረት ነዋሪ ቁጥር ሁለት ሆና ተመዝግባለች። ነዋሪ ቸኮለ ብቻውን ስለማያድር ዝውውሩ ተሰርዟል።

አንቀጽ አሥራ አራት ሰው ሁሉ የረሳው አንቀጽ ነው። ከተማዋ በፍጥነት ስትራቆት ጽሕፈት ቤቱ ደንግጦ፣ ነዋሪዎች ከውጭ ባል ወይም ሚስት እንዲያመጡ ብሎ ያወጣው ነበር። ነዋሪው በቃሉ ከጋበዘ፣ የተጋበዘው በቃሉ ከተቀበለ፣ ጆሮም ከሰማች ሌላ ሰነድ አያስፈልግም።

ሚልክያስ የትርጉም ስሕተት ነው አለ። መጀመሪያ ሰዋስው አነሣ። ሴት ብትጋበዝ ኖሮ ‹‹ኑሪ›› ነበር የሚባለው፤ ወንድ ቢሆን ደግሞ ‹‹ኑር››። ‹‹ኖር›› ማለት ግን ምንም ማለት አይደለም፤ የድሮ ሰው ከወንበር ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ ነው።

‹‹ኖር ለሴትም ለወንድም ያው ነው፣ ልጄ›› አሉት አቶ ቸኮለ። ‹‹ለአንድም ለብዙም ያው ነው። እናትህ አላስተማረችህም?››

ሚልክያስ ፊቱ ቀላ፤ አስተምራው ነበርና። ወደ ስንዱ ዞሮ አነጋገሩን አለሰለሰ። ከእሷ የሚፈለገው ትንሽ ነገር ነው፤ ወደ ጆሮ ቀና ብላ ‹‹ሰላምታ ነበር›› ማለት ብቻ። እሱ ራሱ ውሸት እንድትናገር አይጠይቃትም፣ እውነቱም ይኸው ነው። ካላረመችው ግን ከዛሬ ማታ ጀምሮ ነዋሪ ናት። ነዋሪ ደግሞ አንድ ሌሊት ውጭ ካደረ ይሰረዛል። አያት ሠፈር ያለው ቤቷ ሠላሳ ሌሊት ሰው ካላደረበት ለሌላ ሰው እንደሚሰጥም አስታወሳት፤ ይህ ደንብ አዲስ አበባም አለ። ሥራዋስ? ይህን ሁሉ የተናገረው እንደ ወንድም ሆኖ፣ እያዘነላት ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል።

ስንዱ የሊፍት ክፍሉ ሰዎች ምን እንደሚሏት ታውቃለች፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላሉ። ቤቱን ለማግኘት አሥራ አራት ዓመት ተሰልፋለች። በሌላ በኩል ደግሞ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ባልተሠራ ሊፍት ላይ ‹‹ተሠርቷል›› ብላ ጽፋ አታውቅም። አሁንስ ያልሆነውን ሆነ ልትል ነው? ሰላምታ አልነበረም ብትል ዋሸች። ነበር ብትል አጎቷ እንደ ዕቃ ታዝለው ይወርዳሉ።

አቶ ቸኮለ ሐሳቧ የገባቸው መሰለ። እንድትቀመጥ አደረጓትና እሳቸውም ተቀመጡ።

‹‹እናቴ ሰው በገባ ቁጥር ትነሣ ነበር፤ ለለማኝም ትነሣለች›› አሏት። ‹‹ልጅ ሆኜ፣ አንድ ሰዓት ቆይቶ ለሚሄድ ሰው ‹ኖር› ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ‹ቢኖርም ባይኖርም የእሱ ፈንታ ነው፤ እኛ ግን ከልባችን ነው ያልነው› አለችኝ። እዚህ ቤት ስድስት ዓመት ሰው አልገባም። ቃሉን የምለው ሰው አጥቼ አፌ ውስጥ ይዤው ነበር። አንቺ ስትገቢ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ እኔ አልመልሰውም። የአንቺን ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ሰላምታ ብቻ ነበር ካልሽ፣ በይ፤ እኔ አልቀየምሽም።››

ስንዱ አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ሰው እሷ ስትገባ ቀና ብሎ አላየም፤ ሊፍት ውስጥ ሁሉም ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው። እሷም ጣሪያውን ታያለች። ዛሬ ግን የሰማንያ ዓመት ሰው ለእሷ ብሎ ተነሣ። ይህን ሰው ነው ጠዋት ያሠሩትን ከሰዓት በኋላ የሚያስፈቱት፤ ከሚስቱ መቃብር ለመለየትም የእሷን አውራ ጣት ነው የጠየቁት። ንዴት ያዛት። ስትናደድ አትጮኽም፤ እጇ ነው የሚረጋው። ተነሥታ ከበሩ በላይ ካለችው ጆሮ ፊት ለፊት ቆመች።

‹‹ሰላምታ ነበር›› አለች።

ሚልክያስ በረጅሙ ተነፈሰ። አቶ ቸኮለ ዓይናቸውን ወደ መረቡ መለሱ።

‹‹ሰላምታ ነበር›› ደገመችው፣ ቃል በቃል፣ የብልሽት ሪፖርት እንደምታስመዘግብ ሁሉ። ‹‹ኖር ብለውኛል፤ እኖራለሁ። በእግዜር ብያለሁ፤ በእግዜር ነው። ይህንንም ጻፊው።››

‹‹ተመዝግቧል›› አለች ጆሮ።

ስንዱ ወረቀቱን አራት ቦታ አጠፈችና የሚንገዳገደው የአጎቷ ወንበር እግር ሥር ወሸቀችው። ወንበሩን ነካ አድርጋ ሞከረችው፤ ቆመ። አቶ ቸኮለ ሳቅ ጀመራቸው። አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

በዚህ መሐል ናኹዳ ያዮ መጣ። ከኋላው ሰው እንደ ሕፃን የሚታዘልበት ወንበር፣ ማሰሪያው ገና ከነላስቲኩ፣ ተሸክሟል። ሽማግሌውን ተሸክሞ እንዲወርድ የሃያ ደቂቃ ፈቃድ ተሰጥቶታል። የጀልባ ሰዎች እግራቸው ጨው አለበት ተብሎ ድንጋዩን መርገጥ ክልክል ስለሆነ፣ ጎብኚ ሲያመላልስ በኖረባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ከተማዋ ውስጥ አልገባም። ያዮ ግን የመርሳ ቀዲም ልጅ ነው። የተወለደበት ቤት ከጉድጓዱ ሦስተኛው ነው፤ ጎብኚዎች በጣም የሚወዱት ሰማያዊ በር ያለው። ነዋሪ በተመዘገበበት ዕለት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ሆኖ ባሕር ላይ ነበር። ሲመለስ ስሙ አልነበረም። ከመውጫው እስከ አቶ ቸኮለ ቤት የአራት ደቂቃ መንገድ ነው፤ ያዮ አሥራ ሦስት ደቂቃ ፈጅቶበታል። የት ቆሞ እንደነበረ ማንም አልጠየቀውም።

ሚልክያስ ሥራው መሰረዙን ነገረው። ሰውየው አይሄዱም፣ ወንበሩን ይዞ ወደ ጀልባው ይመለስ። ደፉን እንዳያልፍም አስጠነቀቀው።

ያዮ አንድ እግሩን አሳልፎ ነበር። እግሩን አየው፣ ቤቱን አየው። አልመለሰውም።

ስንዱ ተነሣች። ቀጥሎ አቶ ቸኮለ ወንበራቸውን ደግፈው ተነሡ።

‹‹ኖር›› አለችው ስንዱ።

ቃሉን ለሰው ስትል የመጀመሪያዋ ነበር። ድምፅዋ ትንሽ ከፍ ብሎባታል። ያዮ አማርኛን ያወቀው በዚሁ ሠፈር ውስጥ፣ በእነዚህ በሮች ሲወጣና ሲገባ ነው፤ ምን እንደተባለ ገብቶታል፣ ምን እንደሚያስከትልም ገብቶታል።

‹‹ናኹዳ፣ ጆሮ እየሰማች ነው›› አለ ሚልክያስ። ‹‹የጀልባ ፈቃድህን አስብ።››

ያዮ አሰበ። ወንበሩን ከጀርባው ፈታ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጠ፣ ማሰሪያዎቹን ወደ ጎን አደረገ። ከዚያ ሁለተኛውን እግሩን አስገባ።

‹‹በአላህ›› አለ።

ጆሮ ከወትሮው ዘግየት አለች። ይህ መልስ መዝገቧ ውስጥ አልነበረም ይሆናል።

‹‹ተመዝግቧል። ነዋሪ ቁጥር ሦስት።››

ያዮ ሽማግሌውን ሊያዝልበት ያመጣው ወንበር ላይ ራሱ ተቀመጠ። እግሩን ዘረጋ። ሁለቱ መርከበኞቹ ጀልባውን መመለስ እንደሚችሉ፣ ነፋሱም ለመመለሻ ደህና እንደሆነ ለሚልክያስ በትሕትና ነገረው።

የሚልክያስ ትዕግሥት አለቀ። ጆሮን ማጥፊያው ያለው ከበሩ በላይ፣ ከውስጥ በኩል ነው። እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ አንድ እርምጃ ገባ።

ሦስቱም ተነሡለት።

ሚልክያስ ባለበት ቀረ። አዲሱ ወደብ ላይ ቤት አለው፣ ሚስት አለችው፣ ዓመት በዓል ላይ የሚሰበሰቡ ልጆች አሉት። ዳሩ ግን እሱም የጨዋ ሰው ልጅ ነው። አቶ ቸኮለ አፋቸውን ገና ሲከፍቱ መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ መጥቶ ነበር፤ ሰው ተነሥቶለት ዝም ማለት አልለመደበትም። በሁለት እጁ አፉን ያዘ። እንደያዘም ወደ ኋላ፣ ወደ ፀሐዩ ወጣ።

ገመዱ ሥር የቆሙት ጎብኚዎች ይህን ሁሉ በመስኮቱ አይተዋል። ጡረተኛው መምህር የሞሉትን ቅጽ ከኪሳቸው አውጥተው አዩት፣ መልሰው ከተቱት፣ ገመዱንም በእጃቸው ከፍ አድርገው ጎንበስ አሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ኮፍያቸውን አወለቁ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ጽሕፈት ቤቱ አንቀጽ አሥራ አራትን ለመሰረዝ ሁለት ጊዜ ሞክሯል፤ አንቀጹን ለመሰረዝ የነዋሪዎች ድምፅ ያስፈልጋል፣ ነዋሪዎቹም አልሰጡም። የስንዱ የአያት ሠፈር ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። የወደቡን አሮጌ ክሬን ከአጎቷ ጋር ስትጠግን ቆይታ ባለፈው መጋቢት አንድ ጀልባ አንሥታበታለች። ሚልክያስ አሁንም በወር አንዴ የጽሕፈት ቤቱን ማስታወቂያ ለማንበብ ይመጣል። የሚያነበው ከደጃፉ አምስት እርምጃ ርቆ፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነው። ነዋሪዎቹ በሰዓቱ ተሰብስበው ይጠብቁታል፤ ባለፈው ወር ስልሳ አንድ ነበሩ። ከሩቅ ሲያዩት ሁሉም ከመቀመጫቸው ይነሣሉ።